የ“ቷ” ሰረዝ

ሰላም አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ እኔና ማይክሮፎኑ ብቻ ነን። የማወራችሁ ስለ ሞኒተር ነው። ስለ ዕቃ ግዢ ደግሞ ምን የሚወራ አለ የምትሉ ካላችሁ፣ እኔም እንደዚያው ብዬ ነው ገንዘቤን ሁለት ጊዜ ያወጣሁት።

ሥራዬን ታውቃላችሁ፤ የአማርኛ ጽሑፍ አራሚ ነኝ። ቀን ስምንት ሰዓት ያህል ፊደል ላይ አፈጣለሁ፤ ማታ ቤተሰቡ ሲተኛ አንድ ሰዓት፣ ከበዛም ሁለት ሰዓት እጫወታለሁ። ሞኒተር ልገዛ ስወጣ ግን ያሰብኩት ለዚያች ለማታዋ ሰዓት ብቻ ነበር።

የመጀመሪያውን የገዛሁት መገናኛ አካባቢ ነው። ባለ 27 ኢንች፣ ጎበጥ ያለ፣ ካርቶኑ ላይ “165 ሄርዝ” ተብሎ በትልልቁ የተጻፈበት፤ በሰከንድ እስከ 165 ጊዜ ምስሉን ያድሳል ማለት ነው። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ሻጭ ሁሉ “ይህ ዋጋ ለዛሬ ነው” ይላል። እውነቱን ነው፤ ነገ ሌላ ነው። እኔም በጥድፊያ ተሸክሜው ወጣሁ።

ሳልጠይቅ የቀረሁት የፒክስሉን፣ ማለትም ምስሉ የሚሠራባቸውን ጥቃቅን ነጥቦች፣ ብዛት ነው። ባለ 27 ኢንቹ 1920 በ1080 ነጥብ አለው፤ ባለ 24 ኢንቹም ያው 1920 በ1080 ነው። ለትንሽ ምጣድ የተቀዳ ሊጥ በሰፊ ምጣድ ሲዞር ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ ይሳሳል። በ24ቱ ላይ በአንድ ኢንች ውስጥ 92 ያህል ነጥብ ይሰለፋል፣ በ27ቱ ላይ 82 ያህል። ራቅ ብሎ ለሚቀመጥ ምንም አይደለም። የእኔ ጠረጴዛ ግን ጠባብ ናት፤ አፍንጫዬ ስክሪኑን ሊነካ ጥቂት ነው የሚቀረው። ፊደላችን ደግሞ በጥቃቅን ነገር የሚለያይ ፊደል ነው። “ታ”ን “ቷ” የሚያደርጋት ከእግሯ ሥር የተሰመረች አንዲት ሰረዝ ናት። በ11 የፊደል መጠን ስትጻፍ ያቺ ሰረዝ በዚያ ስክሪን ላይ አለሁ የለሁም ትላለች።

አንድ ቀን “እናቷ” መባል ያለበት “እናታ” ሆኖ አመለጠኝና መጽሐፉ ታተመ። ደራሲዋ ወጣት ልጅ ናት። ደወለችልኝና፣ “ጋሼ፣ እናታ ማን ናት?” አለችኝ። ምን ልበላት? ሞኒተሬ ነው ልበላት?

በጨዋታውም ቢሆን ያሰብኩትን ያህል አልሆነልኝም። ፓነሉ፣ ማለትም ምስሉ የሚታይበት ንጣፍ፣ ቪኤ የሚባለው ዓይነት ነው። ጥቁሩ እንደ ከሰል የጠቆረ ነው፣ ያምራል። ነገር ግን ከጥቁር ወደ ግራጫ ሲሸጋገር ርካሹ ቪኤ ይዘገያል፤ በሌሊት ትዕይንት የሚሮጥ ሰው ኋላው ጭስ ይጎትታል። ካርቶኑ ላይ ስለዚህ መሸጋገሪያ ፍጥነት “1 ሚሊ ሰከንድ” ይላል። ያ ቁጥር አምራቹ ለራሱ በሚመቸው መንገድ የለካው ስለሆነ እኔ አሁን አላነበውም።

አምስት ወር እንዲህ ከቆየሁ በኋላ የእህቴ ልጅ ሊጠይቀን መጣ። ዕድሜው 17 ነው። ማውሱን ያዘና ቀስቱን ሁለት ጊዜ በክብ አዞረው። “አጎቴ፣ ይህ እኮ 60 ላይ ነው።” እኔ ለጓደኞቼ ሁሉ 165 ሄርዝ እንዴት እንደሚለሰልስ ስተርክ ነበር! ዊንዶውስ ሲገጠም በ60 ጀምሮ እዚያው ቀርቷል፤ ገብቼ አላየሁትም። ልጁ ከማሳያው ቅንብር ውስጥ ለወጠውና ቀስቱ ስክሪኑ ላይ እንደ ዘይት ይንሸራተት ጀመር። ልዩነቱ እውነት ነው፤ በ60 አዲስ ምስል የሚመጣው በየ16.7 ሚሊ ሰከንዱ ነው፣ በ165 በየ6ቱ። ነገር ግን የእኔ ግራፊክስ ካርድ በሰከንድ ከ90 ምስል በላይ አያወጣም። በኢንተርኔት የምጫወትበት ሰርቨርም አውሮፓ ስለሆነ ምልክቱ ደርሶ እስኪመለስ ከ100 ሚሊ ሰከንድ በላይ ይፈጃል። እዚያ መቶ ጠፍቶ እዚህ አሥር ማትረፍ!

ሞኒተሩን ለልጁ በግማሽ ዋጋ ሰጠሁትና እንደገና ገበያ ወጣሁ። በዚህኛው ጊዜ ኪሴ ውስጥ ፍላሽ ነበረኝ። ፍላሹ ላይ አንድ ሙሉ ነጭ ምስል፣ አንድ ሙሉ ጥቁር ምስልና አንድ ገጽ አማርኛ አለ፤ ሟ፣ ቷ፣ ጇ፣ ጬ፣ ኜ የተሰበሰቡበት። ሱቁ ውስጥ ያለው ወጣት ስከፍተው አይቶ፣ “ወንድሜ፣ ሰው ሞኒተር ሊሞክር ኳስ ይከፍታል፤ አንተ ፊደል ትቆጥራለህ?” አለኝ። ቆጠርኩ እንጂ።

አንደኛው ፓነሉ ቲኤን የሚባለው ዓይነት ነበር፤ ዝቅ ብዬ ስቀመጥ ስክሪኑ ሁሉ ጠቆረ። ሁለተኛው ጥሩ ነበር፣ ነጩን ምስል ስከፍት ግን ከመሐል ከፍ ብሎ አንድ ጥቁር ነጥብ ብቅ አለ። ወጣቱ በጣቱ ሊጠርገው ሞከረ። አልተጠረገም። ሦስተኛው ባለ 24 ኢንች፣ ፓነሉ አይፒኤስ የሚባለው ዓይነት፣ 100 ሄርዝ፣ ምንም ጌጥ የሌለው የቢሮ ዕቃ ነው። ዋጋው ከመጀመሪያው በብዙ ያንሳል። የ“ቷ” ሰረዝ ቁልጭ ብላ ታየችኝ፤ ያንን ወሰድኩ። ወጥቼ ከመሄዴ በፊት ወጣቱ ፍላሹን ለመነኝና ገጹን ገለበጠው።

ቤት እንደገባሁ መጀመሪያ ያየሁት ቅንብሩን ነው። 60 ላይ ነበር። ወደ 100 ለወጥኩት።

እንከን የለውም አልላችሁም። አይፒኤስ ጥቁሩ ጥቁር አይደለም። ማታ መብራት አጥፍቼ ስጫወት፣ ጨለማ ትዕይንት ሲመጣ ከታች በስተግራ ጥግ ላይ ግራጫ ጉም ይቀመጣል። አንዴ ካያችሁት ሌላ ነገር ማየት አትችሉም። ስለዚህ ከስክሪኑ ጀርባ ትንሽ መብራት አበራለሁ፤ ባለቤቴም “እስካሁን አልተኛህም?” የምትለኝ ያንን መብራት በበሩ ሥር እያየች ነው።