ተሸካሚው ከሸክሙ ሲከብድ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ከጎንደር ነው። ዛሬ እንግዳ የለም፣ እኔና ማይኩ ብቻ ነን፤ መብራት ካልሄደብን ረጋ ብለን እናወራለን።

ቴስላ ኮይል፣ ማለትም ቮልቴጅን በጣም ከፍ አድርጎ አየር ላይ ብልጭታ የሚያወጣ መሣሪያ፣ የሠራ ሰው ያውቀዋል፤ ረጅሙን ኮይል፣ ሰከንደሪ የምንለውን፣ አብዛኛው ሰው ፒቪሲ ቱቦ ላይ ነው የሚጠመጥመው። ከዚያ ቫርኒሽ ይቀባል፣ ቱቦውም እዚያው ውስጥ ይቀራል። እኔ ግን ቱቦውን አውጥቼ ሽቦው ራሱን ችሎ እንዲቆም ማድረግ ከጀመርኩ ቆየሁ። «ምን አደከመህ?» ይሉኛል። እስቲ በሚዛን እንየው። 75 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቱቦ ላይ 0.3 ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ በ30 ሳንቲ ሜትር ቁመት ብትጠመጥሙ ወደ 900 ዙር ይሆናል። ሽቦው ቢዘረጋ ከ200 ሜትር ያልፋል። ክብደቱስ? 135 ግራም ገደማ። ከውስጥ ያለው ቱቦ ደግሞ፣ ግድግዳው 2 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ 190 ግራም አካባቢ ይመዝናል። ተሸካሚው ከሸክሙ ይከብዳል! ይሄ ከገባኝ በኋላ ቱቦውን እዚያው ውስጥ መተው አላስችለኝ አለ።

ቱቦው ሲወጣ ብልጭታው ይረዝማል የሚሉም አሉ። እኔ አይመስለኝም። ደረቅ ፒቪሲ የሚበላው ኃይል ለእኛ ዓይነት ትንሽ ሥራ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ካርቶን ከሆነ ሌላ ነገር ነው፤ ካርቶን እርጥበት ይጠጣል፣ የጎንደር ክረምት ደግሞ እርጥበት አይነፍገውም። እኔ የምፈልገው ቅለቱን ነው። በአንድ እጅ አንስቼው መሄድ እፈልጋለሁ። እና... እውነቱን ለመናገር፣ በውስጡ አሻግሬ ማየት ደስ ይለኛል። [ሳቅ]

ሽቦውን በኪሎ የምገዛው ዲናሞ ከሚጠመጥሙ አንድ አባት ነው። አንድ ቀን ኮይሉን ይዤ ሄድኩና አሳየኋቸው። ገልበጥ አድርገው አዩትና «ይሄማ የእኛው ሥራ ነው፤ አንተ ምኑን አዲስ አደረግኸው?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የዲናሞ ኮይል እንጨት ላይ ይጠመጠማል፣ በክር ይታሰራል፣ ከእንጨቱ ይወጣል፣ ከዚያ ነው ብረቱ ጎድጓዳ ውስጥ የሚገባው። ያለ ቱቦ የሚቆም ኮይል እሳቸው ሲሠሩ ነው የኖሩት። እኔ «ጋሼ፣ የእኔ ግን ሽቦው ላይ ሽቦ እንዲወጣ አይፈቅድም» ስላቸው ነው ነገሩ የሳባቸው።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ዲናሞ ውስጥ ሽቦው በዘፈቀደ ቢደራረብ ብዙ አይጎዳም፤ በአንዱ ኮይል መጀመሪያና መጨረሻ መካከል ያለው ቮልቴጅ ትንሽ ነው። የእኛን እንውሰድ። ጫፉ ላይ 20,000 ቮልት ቢደርስ፣ በግርድፉ ለ900 ዙር ስታካፍሉት ለአንድ ዙር 22 ቮልት ገደማ ይደርሰዋል። ይሄን የሽቦው ቀጭን ሽፋን በቀላሉ ይችለዋል። ነገር ግን 1ኛው ዙር ሾልኮ 200ኛው አጠገብ ቢያርፍስ? ከ4,000 ቮልት በላይ በዚያች ስስ ሽፋን ላይ ወደቀ ማለት ነው። ያኔ ኮይሉ አለቀለት። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 የብረት ቀለበቱን ሲጠመጥም ዙሮቹን የለያቸው በጥጥ ጨርቅና በሲባጎ ነበር። ያኔም ቢሆን ትልቁ ጭንቀት ሽቦ ከሽቦ እንዳይነካካ ነበር።

ታዲያ ቱቦው ሲወጣ ዙሮቹን ማን ይይዛቸዋል? መሶብ አስቡ። ስንደዶው ዙር በዙር ይሄዳል፣ አክርማው ከታችኛው ዙር ጋር ይሰፋዋል፤ ከውስጥ የሚደግፈው ነገር የለም። እኔም በኮይሉ ቁመት ልክ አራት ቀጫጭን የኢፖክሲ፣ ሲደርቅ የሚጠነክር ሙጫ፣ መስመር ነው የማወርድበት። ሁሉን ከለበጣችሁት ቅለቱን መልሳችሁ አጣችሁት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቱቦው ላይ መጀመሪያ የሸምበቆ ስንጥሮች በቁመት ትደረድራላችሁ፤ ጫፋቸው ወጣ ይበል። በላያቸው ላስቲክ ታለብሳላችሁ፣ ኢፖክሲው ቱቦውን እንዳይዝ። ከዚያ መጠምጠም። እጃችሁ ላይ ያለው ውጥረት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት ይሁን፤ ላላ ካለ ዙሮቹ ይከፈታሉ፣ ከጠበቀ ደግሞ ስንጥሩ አልወጣም ብሎ ያስቸግራል። ኢፖክሲው ሲደርቅ ስንጥሮቹን አንድ በአንድ ትስባላችሁ፣ ኮይሉ ላላ ይላል፣ ቱቦው ሾልኮ ይወጣል። ላስቲኩ መጨረሻ። ቸኩሎ የሚስብ ሰው ሽቦ ይዞ ይመጣል።

አሁን ደግሞ እዚህ ከፍታ ላይ ለምንኖር። የምናነባቸው ቁጥሮች በአብዛኛው የባሕር ጠለል ቁጥሮች ናቸው። እዚያ አየር በአንድ ሳንቲ ሜትር 30,000 ቮልት ገደማ ይችላል ይባላል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየራችን በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፣ ስለዚህ ወደ 24,000 ይወርዳል። አየሩ ሲሳሳ ብልጭታ ይቀለዋል። ደስ ይላል፣ ግን ብልጭታው ከሰከንደሪው፣ ከሥሩ ሆኖ ኃይል ወደሚሰጠው ወደ ታችኛው ኮይል መዝለሉም ይቀለዋል። እና መጽሐፉ አራት ሳንቲ ሜትር ራቁ ካላችሁ፣ እናንተ አምስት አድርጉት።

ስለ ኃይል ምንጭም ልናገር፤ እዚህ ላይ ቀልድ አላውቅም። እኔ በ12 ቮልት ባትሪ ነው የምሠራው። ከአሮጌ ማይክሮዌቭ የወጣ ትራንስፎርመር ያላችሁ ልጆች፣ እባካችሁ ተዉት። 2,000 ቮልት ያህል ነው፣ ከጀርባው ደግሞ ሰው የሚገድል ከረንት አለ፣ ሁለተኛ ዕድል አይሰጥም። ካፓሲተር፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ዕቃ፣ መብራቱ ከጠፋም በኋላ እንደተሞላ ይቆያል፤ ሳታራግፉት አትንኩት።

ሌላው ጎረቤት ነው። [ሳቅ] ያልኳችሁ ኮይል ጫፉ ላይ ምንም ካልተጫነበት ወደ 600 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ፣ ማለትም በሰከንድ 600,000 ጊዜ ያህል፣ ነው የሚርገበገበው። እሱ ደግሞ የመካከለኛ ሞገድ ሬዲዮ ቦታ ነው። እትዬ ከግድግዳው ማዶ ሬዲዮ ሲያዳምጡ እኔ ኮይል አልነካም። ፕሮግራማቸው ሲያልቅ ራሳቸው ይጣሩኛል።

ባለፈው እኒያ ዲናሞ የሚጠመጥሙት አባት «ቅለት ነው የምትለው፣ በአሉሚኒየም ለምን አትሞክረውም?» አሉኝ። 135 ግራሙ ወደ 40 ይወርዳል እኮ! ለከረንት የሚያሳየው እንቢታ ግን ከመዳብ በ1.6 እጥፍ ይበልጣል፣ መበየጃው ስታኞም በቀላሉ አይዝለትም፤ ጫፎቹን በብሎን ማሰር ሊኖርብኝ ነው። ሽቦው ከተገኘ እጠመጥመዋለሁ፣ መዝኜም እነግራችኋለሁ። በሉ፣ ደህና ዋሉ።