ቀድሞ መስማት የሚገባው ሰው

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አድማጮቼ። ዛሬም የምናገራችሁ ከደሴ፣ ከጦሳ ግርጌ ሆኜ ነው። በዚህ ክፍል የማነሣው አብያተ ክርስቲያናት፣ እድሮችና ማኅበራት በቴሌግራም፣ በፌስቡክና በኤክስ የሚያወጧቸውን አጫጭር መልእክቶች ነው። የአንድ ሰንበት ትምህርት ቤት የቴሌግራም ቻናል ለዓመታት በእጄ ስለነበረ፣ የምናገረው ከዳር ቆሜ ያየሁትን ሳይሆን ራሴ የሠራሁትን ነው፤ ከሠራሁትም ውስጥ አንዱ እስከ ዛሬ ድረስ እንቅልፍ ይነሣኛል።

አንዲት እናት ነበሩ። ወር በገባ በ27፣ በመድኃኔዓለም ዕለት፣ ድፎ ዳቦ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ለሰንበት ተማሪዎቹ ያመጡ ነበር። ዳቦውን ራሳቸው ካልቆረሱት ደስ አይላቸውም፤ ለትንንሾቹ መሐሉን፣ ለእኛ ለትልልቆቹ ዳር ዳሩን ይሰጡን ነበር። አንድ ማክሰኞ ማታ አረፉ። እኔ የሰማሁት ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ነው። በጥምቀት ዕለት የተነሡትን ፎቶ ከስልኬ ፈልጌ አወጣሁና፣ እናታችን ከዚህ ዓለም ድካም ማረፋቸውን፣ ሥርዓተ ቀብራቸውም በማግስቱ በ9 ሰዓት እንደሚፈጸም ጽፌ፣ «ነፍስ ይማር» የሚል ጨምሬ ለቀቅሁት። ሰዓቱም ቦታውም ትክክል ነበር፤ የክርስትና ስማቸውን እንኳ አጣርቼ ነበር። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከ300 በላይ ሰው አየው።

ያላወቅሁት ነገር፣ ገና መርዶ ያልተነገራት ልጅ እንደነበረቻቸው ነው። ልጅቱ የምትሠራው ኮምቦልቻ፣ በአንድ ፋብሪካ ሲሆን፣ በዚያች ሌሊት ተረኛ ነበረች። አጎቶቿ ከንስሐ አባቷ ጋር ሆነው፣ ሊነጋጋ ሲል ሐረጎን ወርደው፣ ከፈረቃ ስትመለስ ቤቷ ጠብቀው ሊያረዷት ተማክረው ነበር። ማን ቃሉን እንደሚናገር፣ ማን አጠገቧ እንደሚቆም፣ ጎረቤት መቼ እንደሚገባ ሁሉ ተወስኖ ነበር። እኔ በስልኬ የጻፍሁት ግን ከቻናላችን ወደ አንድ የሰፈር ግሩፕ፣ ከሰፈሩ ግሩፕ ወደ ሠራተኞቹ ግሩፕ ተላለፈና ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሳይሆን እጇ ገባ። የላከላት ባልደረባዋ እንኳ እናቷ መሆናቸውን አያውቅም፤ የደሴ ሰው ስለሆነች ታውቃቸው እንደሆነ ብሎ ነው።

ይህን የሰማሁት በቀብሩ ላይ ነው። ወዲያውኑ ጽሑፉን ከቻናሉ አጠፋሁት፤ ነገር ግን በቴሌግራም ወደ ሌላ ግሩፕ የተላለፈ ጽሑፍ ዋናው ቢጠፋም ባለበት ይቀራል፤ ዋናው ቢታረምም እርማቱ አይከተለውም። በሠልስቱ ከሰንበት ትምህርት ቤታችን ሰብሳቢ ጋር ሆነን ከለቅሶ ቤት ገባን። እግሯ ሥር ወድቄ ይቅርታ ስጠይቃት ትከሻዬን ይዛ አነሣችኝ፤ «ወንድሜ፣ ክፉ አስበህ እንዳላደረግኸው አውቃለሁ። ግን የእማዬን ፎቶ ያየሁት ማሽኑ ሥር ቆሜ ነው። የሚይዘኝ ሰው እንኳ አልነበረም» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬም የለኝም።

ከዚያ በኋላ ጥፋቱን ያመጣው የመልእክቱ አጭርነት ይሆን እያልሁ ብዙ አሰብሁ። እ.ኤ.አ. በ2006 የተጀመረው ትዊተር መልእክቱን በ140 ፊደል የወሰነው በስልክ አጭር የጽሑፍ መልእክት ሆኖ እንዲሄድ ታስቦ ነበር፤ በላቲን ፊደል የሚጻፍ አንድ አጭር መልእክት 160 ፊደል ስለሚይዝ፣ የቀረው 20 ለተጠቃሚው ስም ተተወ። በእኛ ፊደል ሲሆን ያው አጭር መልእክት የሚይዘው 70 ብቻ ነው። ገደቡ እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ 280 ከፍ ቢልም፣ የዛሬው ኤክስ እያንዳንዱን የግእዝ ፊደል እንደ ሁለት ስለሚቆጥረው ክፍያ ለማይከፍል የአማርኛ ጸሐፊ የተረፈው 140 ነው። ይሁን እንጂ ፊደላችን ተነባቢውንም አናባቢውንም አንድ ላይ ስለሚሸከም፣ በ70 ፊደልም ቢሆን ቀብርም ጉባኤም መጥራት እንችላለን።

ደግሞስ ለአጭር ቃል መቼ እንግዳ ሆነን እናውቃለን? የእድር ጥሩምባ ነፊ ከትዊተርም ከቴሌግራምም ይቀድማል። ጎሕ ሲቀድ፣ ውርጩ ሳይለቅ፣ በየመንደሩ መታጠፊያ ቆሞ አንዴ ጥሩምባውን ይነፋና የሟችን ስም፣ የቀብሩን ሰዓትና ቦታ ብቻ ተናግሮ ያልፋል። የእርሱ ቃል ከእኔ ጽሑፍ ያጠረ ነው፤ ማንንም ግን በቁሙ አልጣለም። በእኛ ሰፈር ጥሩምባ ነፊው የሚወጣው የሟች ቤተ ዘመድ ለእድሩ ዳኛ ቤተሰቡ መረዳቱን ካስታወቀ በኋላ፣ ዳኛውም ሲያዝዘው ነው። ለካ እኔ የያዝሁት ጥሩምባውን ብቻ ኖሯል። ከጥሩምባው በፊት የሚደረገውን ምክክር፣ የዘመዱን መሰባሰብ፣ የዳኛውን ፈቃድ ይዤ አልመጣሁም። ቻናሉ ሲከፈትም ማን ምን ይለጥፋል ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ ፎቶ ማሳመር የሚችል ወጣት ተፈለገ፣ እኔ ተገኘሁ።

በቻናሎቹ ላይ ክፉ እንዳልናገር ደግሞ ያየሁባቸው ጥቅም ያስገድደኛል። መስከረም 21 ወደ ግሸን ለሚጓዙ ምእመናን የመኪናውን መነሻና የዝናቡን ሁኔታ በአንድ መስመር ማሳወቅ ምን ያህል ድካም እንደሚቀንስ የሄደበት ያውቀዋል። ከአረብ ሀገር ሆነው ወርኃዊ መዋጮ የሚልኩ እኅቶቻችን ማኅበራቸውን የሚያገኙት በዚሁ ነው። ስለዚህ ዝጉት አልልም፤ የምለው ቻናሉ የማን እንደሆነ ይታወቅ ነው።

ይህም በተግባር የሚታይ ጉዳይ ነው። ብዙ የማኅበር ቻናሎች የተከፈቱት በአንድ ወጣት የግል ስልክ ቁጥር ነው። ወጣቱ ለሥራ ሲሄድ ወይም ሲቀየም ቻናሉም አብሮት ይሄዳል። በቴሌግራም ባለቤትነትን ለሌላ ለማስተላለፍ ባለቤቱ ሁለተኛ የይለፍ ቃል ማብራት አለበት፤ ያውም ካበራው 7 ቀን ሊያልፈው ይገባል። ስለዚህ ሰውየው ሻንጣውን ባነሣበት ማለዳ የሚደረግ አይደለም። ሕጉም ቢሆን ዝም አላለም፤ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰተኛ መረጃ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ሲሰራጭ ቅጣቱን ያከብደዋል። የሰበካ ጉባኤው ማኅተም በማን መሳቢያ እንዳለ የሚጠይቅ ሽማግሌ የቻናሉ ቁልፍ በማን ኪስ እንዳለ ለምን እንደማይጠይቅ አይገባኝም።

ሌላው በወሎ ኑሯችን የሚያሳስበኝ የእድሩ ግሩፕ ነው። እድራችን የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ነው፤ ድንኳኑም፣ ሰሐኑም፣ ብረት ድስቱም የጋራ ነው። አንድ ጊዜ አንድ ወጣት የሌላውን እምነት የሚነቅፍ ቪዲዮ ወደ ግሩፑ አስተላለፈ። የእድሩ ጸሐፊ የሆኑት ጋሼ በግሩፑ ውስጥ አንድ ቃል አልመለሱም፤ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጣቱ ቤት በእግራቸው ሄዱ። ቪዲዮውን ወጣቱ በራሱ እጅ ከግሩፑ አጠፋው። እርሳቸው እዚያው ግሩፑ ላይ ቢገሥጹት ኖሮ እርሱም በሰው ፊት መልስ መስጠት ግድ ይሆንበት ነበር ብዬ አምናለሁ። እኒህ ሰው የጽሑፍ ሥራን ከእኔ ይልቅ ያውቁበታል፤ የቱ በግሩፕ እንደሚነገር፣ የቱ ደጅ ድረስ እንደሚያስኬድ ለይተውታል።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ሲቆይ ቻናላችን እንደተዘጋ ቤት ሆኖ ነበር። በእነዚያ ወራት ያረፉትን ሁሉ ቀበርን፤ ልቅሶም ደረስን። ጥሩምባው ነበረ፣ ከቅዳሴ በኋላ ዐውደ ምሕረት ላይ የሚነበበው ማስታወቂያም ነበረ፤ ኮምቦልቻ ያለ ዘመድ ካለ በሚኒባስ ሹፌር መልእክት ይላክለት ነበር። እኔም በዚያ ጊዜ ከእድሩ ዳኛ ጋር መርዶ ለማርዳት ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። ከመንገዱ እስከ በሩ ያለችው ጥቂት እርምጃ ምን ያህል እንደምትረዝም ያወቅሁት ያኔ ነው። ደጃፍ ላይ የሚቆም ሰው ቃሉን ከመናገሩ በፊት የሚሰማውን ፊት ያያል። እኔ ያን ማክሰኞ ማታ ያየሁት የስልኬን ብርሃን ብቻ ነበር።

ኢንተርኔቱ ሲመለስ ከሰንበት ትምህርት ቤታችን አባቶች ጋር ተቀምጠን ቻናሉን እንደገና አደራጀነው። ባለቤትነቱ ወደ ሰብሳቢው ዞረ፤ አድሚኖቹ ሦስት ሆንን። የዕረፍት ዜና ከሆነ ጽሑፉን እኔ አዘጋጃለሁ፤ የሚለቀቀው ግን ከቤተሰቡ አንድ ሰው ደውሎ ሁሉም መረዳታቸውን ከነገረን በኋላ ነው። የደወለው ሰው ስምና ሰዓቱ በደብተር ይጻፋል።

ባለፈው ሳምንት አንድ መዘምራችን አረፉ። ጽሑፋቸውን ማታውኑ አዘጋጅቼ ስልኬን ትራስጌ አኖርሁት። እኅታቸው ሐይቅ ነው የሚኖሩት፤ ነጋሪዎቹ ሌሊቱን ተነሥተው ሄደዋል። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ሲሆን ስልኬ ጠራ። ታናሽ ወንድማቸው ነው፤ ድምፁ ደክሟል። ከኋላው የሴቶች ለቅሶ ይሰማኛል። «ነግረናቸዋል፤ ይዘናቸዋል» አለኝ። ስሙንና ሰዓቱን ደብተሩ ላይ ጻፍሁና ጽሑፉን ለቀቅሁት።