ከሆስፒታል ከወጡ በኋላስ?

ሰላም እንዴት ሰነበታችሁ፣ ዛሬ እንግዳ የለም ብቻዬን ነኝ። ላወራችሁ የፈለግኩት ሰው ከባድ አደጋ ሲደርስበት ስለምናዋጣው ብር ነው።

አበበ ቢቂላን ሁላችንም በሮም ነው የምናውቀው አይደል፣ 1960 እ.ኤ.አ.፣ በባዶ እግሩ። እኔን ሰሞኑን የያዘኝ ግን ከዛ በኋላ ያለው ነው። በ1969 መኪናው ተገልብጦ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ፣ እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ተላከ፣ ወራት ቆየ፣ በ1970 እዛው ዊልቸር ላይ ሆኖ በቀስት ተወዳደረ፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ኖርዌይ ሄዶ ውሻ በሚጎትተው የበረዶ ጋሪ አሸነፈ! የሆስፒታሉ ዶክተር ጉትማን አልጋ ላይ ያለውን ሰው በየሁለት ሰዓቱ አገላብጡት፣ ከዛ ስፖርት፣ ከዛ ስራ ነበር የሚሉት። ምክንያቱም አከርካሪው የተጎዳ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሞተው በስብራቱ ሳይሆን በኋላ በሚመጣው የአልጋ ቁስልና የሽንት ኢንፌክሽን ነው።

አበበ ግን ከጀርባው ንጉሥ ነበረው። የቀን ሰራተኛውስ ማን አለው? እኛ ነን ያለነው፣ እድሩ፣ ቴሌብሩ፣ ውጭ ያለው ዘመድ ጎፈንድሚው።

እኛ ሰፈር ህንጻ ሲሰራ ወድቆ ወገቡን የተመታ ልጅ አለ። ለኦፕሬሽኑ ብሩ ቶሎ ሞላ፣ ሰዉ ተረባረበ፣ እግዜር ይስጠው። ከዛ ቤት ገባ በቃ ሁሉም ዳነ አለ። ግን ሽንት የሚወጣበት ቱቦ ካቴተሩ አለ፣ ዳይፐሩ አለ፣ ፊዚዮቴራፒ ለመሄድ ኮንትራት ታክሲ አለ፣ ሽንት ቤቱ ዊልቸር አያስገባም፣ እናትየው ሌሊት እሱን ስታገላብጥ እንቅልፍ የሚባል የላትም። ለዚህ ማንም አካውንት አይከፍትም።

ልጁን ደግፎ ያቆመው ምን መሰላችሁ፣ የሰፈር ልጆች የሌሊቱን ተራ ተካፈሉ፣ ሲሚንቶ ለምነው ደጃፉን በተዳፋት ሰሩለት፣ ከሁሉም በላይ ግን ብዙ ዓመት ዊልቸር ላይ የኖረ አንድ ሰውዬ በፈቃዱ እየመጣ ከአልጋ ወደ ዊልቸር እንዴት እንደሚተላለፍ፣ ቁስል እንዳያወጣ በየስንት ደቂቃው በክንዱ መቀመጫውን ከፍ ማድረግ እንዳለበት በራሱ ሰውነት አሳየው። ነርስ ሲነግረው የማይሰማው ልጅ እሱን ሰማው፣ አገባ ወይ፣ ወለደ ወይ፣ ታክሲ እንዴት ይሳፈራል፣ ለእናቱ የማይጠይቀውን ሁሉ ጠየቀው። ይሄን በብር አትገዙትም፣ የሰውዬውን ትራንስፖርት ግን በብር መሸፈን ይቻላል እኮ! መናገሻ ያለው የአካል ጉዳተኞች ማገገሚያ ቼሻየር ከ1962 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሰራው አብዛኛው ስራ እንዲህ ረጅም ጊዜ የሚፈልግ ነው። አርቴፊሻል እግርም ቢሆን አንዴ ተሰጥቶ አያበቃም፣ ልጅ ከሆነ እያደገ ስለሆነ በየስድስት ወሩ፣ በዓመቱ መቀየር አለበት።

እና እባካችሁ ለሰው ብር ልታሰባስቡ ስትነሱ ዶክተሩን ፊዚዮቴራፒው ስንት ወር ነው በሉት፣ የዊልቸሩ ትራስ ስንት ነው በሉት፣ ከኦፕሬሽኑ ጋር ደምራችሁ ጻፉት። ብር የሌላችሁ ደግሞ ቤተሰቡ ጋ ደውሉና የትኛው ሌሊት ላይ ልምጣ በሏቸው።

በሚቀጥለው ፊዚዮቴራፒስት ይዤ እመጣለሁ፣ ጥያቄ ያላችሁ ኢንቦክስ ላኩልኝ፣ ቻው።