በጧፍ ብርሃን፦ የፎቶ ኖይዝ ከየት ይመጣል?

[ምስል፦ በጧፍ ብርሃን የተነሳ ፎቶ፤ ቀስ በቀስ ወደ ነጠላው እጥፋት ይጠጋል]

ላሊበላ፣ የገና ዋዜማ ሌሊት። ጧፍ የያዙ እጆች፣ ነጭ ነጠላ፣ ከኋላ የጠቆረ የዐለት ግድግዳ። ከሩቅ ሲያዩት ያማረ ፎቶ ነው። ወደ ነጠላው እጥፋት ጠጋ እንበል። ነጩ ጨርቅ ላይ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ነጠብጣብ ተነስንሷል፤ ግድግዳው አሸዋ የተበተነበት ይመስላል። ኖይዝ የምንለው ይህንን ነው።

ብዙ ሰው ጥፋቱን አይኤስኦ በሚባለው የካሜራ ማጉያ ቅንብር ላይ ይጥላል። እኔ አልስማማም። አይኤስኦ የተሰበሰበውን ምልክት ያጎላል እንጂ ሴንሰሩ (ብርሃን ተቀባዩ የካሜራ ክፍል) ላይ የሚያርፈውን ብርሃን አይጨምርም፣ አይቀንስምም። ችግሩ የሚጀምረው ከዚያ በፊት፣ ብርሃኑ ሲያንስ ነው።

[ምስል፦ ካፊያ የሚወርድባቸው ሲኒዎች]

እኩል ሲኒዎችን ደጅ ደርድራችሁ ካፊያ ሲጀምር ተመልከቱ። አንዱ 7 ጠብታ ሲይዝ ጎረቤቱ 12 ይይዛል። ዶፍ ሲሆን ግን ልዩነቱ አይታወቅም። ብርሃንም የሚደርሰን ፎቶን በሚባሉ ቅንጣቶች ነው፤ ሲኒዎቹ የሴንሰሩ ነጥቦች፣ ፒክሰሎቹ፣ ናቸው። አንድ ፒክሰል በአማካይ 100 ፎቶን ሲቀበል መዋዠቁ 10 ያህል ነው፤ ከመቶ አስር ማለት ነው። 10,000 ሲቀበል መዋዠቁ 100 ነው፤ ከመቶ አንድ ብቻ። ሴንሰሩ እንከን የለሽ ቢሆን እንኳ ይህ አይቀርም፤ የብርሃን ጠባይ ነውና። ካሜራው ምልክቱን ሲያነብ የራሱን ኖይዝ ይጨምራል፤ ያ ግን ጎልቶ የሚታየው በጣም በጨለመው ጥግ ነው።

ፉል ፍሬም የሚባለው ትልቅ ሴንሰር ያለው ካሜራ እዚህ ላይ ይረዳል። ሴንሰሩ 36 በ24 ሚሊሜትር ነው፤ ኤፒኤስ-ሲ ከሚባለው አነስ ያለ ሴንሰር 2.3 እጥፍ ያህል ይሰፋል። ዕይታው፣ የኤፍ ቁጥሩ (የሌንሱ ቀዳዳ መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) እና የሹተሩ (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ የሚወስነው መዝጊያ) ፍጥነት እኩል ከሆኑ በዚያው ልክ ብዙ ብርሃን ይሰበስባል። ዋጋው ግን አለ፦ ጧፉ ጥርት ሲል ከኋላው ያለው ፊት ይደበዝዛል። ሁለቱም ይጥሩ ብላችሁ የሌንሱን ቀዳዳ ስታጠቡ ብልጫው ከእጃችሁ ይወጣል።

ስለዚህ መጀመሪያ ብርሃን ፈልጉ። ከኤፍ 4 ወደ ኤፍ 2 መክፈት ብርሃኑን 4 እጥፍ ያደርገዋል። ሰዎቹ ለጸሎት ጸጥ ብለው ከቆሙ ሹተሩን ከ1/125 ወደ 1/30 ሰከንድ ማዘግየትም እንዲሁ፤ ወረብ ሲጀመር ግን እንቅስቃሴው ይደበዝዝባችኋል። ከዚያ በኋላ አይኤስኦን ሳትፈሩ ከፍ አድርጉት። በአይኤስኦ 800 አጨልሞ አንስቶ በኮምፒውተር ማብራት ጥላው ውስጥ ያለውን ኖይዝ ብዙ ጊዜ ያባብሰዋል፤ ቢሳካ እንኳ እኩል ነው።

[ምስል፦ ያው ነጠላ፣ በኤፍ 2፣ አይኤስኦ 6400]

ጥለቱን ተመልከቱ። ክሮቹ ይቆጠራሉ።