እንቅልፍ የነሳኝ ጳጳስ

እሺ... እየቀዳ ነው? እየቀዳ ነው። ሰላም ናችሁ የኔ ጌቶች። ዛሬ ስለ ቤት ኪራይ አላወራም፣ ባለፈው በቴሌግራም ሙልጭ አድርጋችሁ ሰድባችሁኛል፣ ገብቶኛል።

ዛሬም ያው ሳልቫዶ ነው። አዎ፣ አውስትራሊያ ሚሽን ሊሰብክ የሄደው፣ ኋላም ጳጳስ የሆነው ስፔናዊው መነኩሴ፣ አለቀቀኝም። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው፣ ራሳችሁ ቀንሱ፣ ከሒሳብ ጋር እንዳልተስማማሁ ታውቃላችሁ።

እስቲ የፒያኖዋን ማታ እንደገና ላውራት። 1846፣ ግንቦት፣ ፐርዝ፣ ምዕራብ አውስትራሊያ። ሰውዬው ከጫካ በእግሩ ነው የመጣው፣ ሚሽኑ ብር የለውም፣ የሚበላ የለም። ፒያኖ ግን ይችላል። ኮንሰርት አዘጋጀ! ገዢው የፍርድ ቤቱን አዳራሽ ሰጠው፣ ፒያኖው ከመነኩሲቶቹ፣ መቅረዙ ከአንግሊካኑ ቄስ፣ በር ላይ ቆሞ ሰው ያስገባው ደግሞ አይሁዳዊ ነው። የሳልቫዶ ቀሚስ ተቦጫጭቋል፣ ጫማው ሶል የለውም፣ እጁ በመጥረቢያ የአንጥረኛ እጅ ሆኗል፣ እና በዛ እጁ ቁጭ ብሎ ለብቻው ተጫወተ። እኔ ይሄን ሳስብ ሰውዬውን በቃ እወደዋለሁ። በዛ ብር ነው እንግዲህ የቀጠለው፣ በ1847 ኒው ኖርሲያ የሚባለውን ገዳም መሰረተ፣ ከፐርዝ ወደ ሰሜን 130 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከአቦርጂናሎቹ፣ ከአገሩ ነባር ሕዝቦች ማለት ነው፣ አንዱ በሆነው በኑንጋር ሕዝብ መሬት ላይ። ቋንቋቸውን ተማረ፣ አብሯቸው አደነ፣ ቆይቶ ቴሌግራፍ ሲመጣ ሥራውን ያስተማረው ለአቦርጂናል ሴት ነው፣ ሄለን ኩፐር፣ በ1870ዎቹ! በዛ ዘመን ማነው እንደዛ ያደረገ?

ግን 1849 አለ። ሁለት የአቦርጂናል ልጆች ይዞ አውሮፓ ሄደ፣ ኮናቺና ዲሪሜራ። ኮናቺ ሰባት ዓመት ገደማ ቢሆነው ነው። የካቶሊኮቹ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ ዘጠነኛ ከሮም ሸሽቶ ኔፕልስ ግዛት ውስጥ ነበር፣ በገዛ እጁ የቤኔዲክት መነኮሳትን ቀሚስ አለበሳቸው፣ ከዛ እዛው ጣሊያን ላ ካቫ ገዳም ገቡ። ኮናቺ በ1853 ሮም ሞተ፣ እዛው ተቀበረ። ዲሪሜራ አገሩ ተመልሶ በ1855 ሞተ።

የኛው አባ ገብረ ሚካኤልም ሮም ሄዷል እኮ፣ በ1841፣ ከጣሊያናዊው የካቶሊክ ሚሲዮናዊ ከደ ያቆቢስ ጋር፣ የሞተውም በዛው በ1855 ነው። እሱ ግን ጎጃም ቅኔውን መጽሐፉን የጨረሰ ትልቅ ሰው ነው፣ ተከራክሮ መዝኖ የሄደ ነው። ልጅ ምን ይመዝናል? ሳልቫዶ ልጆቹ ራሳቸው ወደው እንደሄዱ ጽፏል፣ ሊሆን ይችላል፣ ግን የልጆቹንም ቃል የምሰማው ከሱ አፍ ነው እኮ።

አንዳንዴ ደግሞ ዘመኑ ነው እላለሁ። ከዛ ሳልቫዶ በ1900 ከሞተ በኋላ ያለውን ሳነብ እናደዳለሁ፣ ገዳሙ ፊቱን ወደ ነጮቹ ልጆች ትምህርት ቤት አዞረ፣ ለአቦርጂናሎቹ የወላጅ አልባ ቤቱ ቀረ፣ እናት አባት ያላቸው ልጆች ወላጅ አልባ ቤት! መንግሥት ነጥቆ ያመጣቸው ሳይቀሩ። በሩን ግን ማን ነው መጀመሪያ የከፈተው? ሲል ደግሞ ውስጤ፣ ፒያኖው... ኤጭ።

ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጆን ፖል ሁለተኛው በ1986 አውስትራሊያ፣ አሊስ ስፕሪንግስ ላይ አቦርጂናሎች የራሳቸውን ካልሰጡ፣ ሌሎቹም ያንን በደስታ ካልተቀበሉት የአውስትራሊያ ቤተክርስቲያን ሙሉ አትሆንም አለ። ጥሩ ብሏል፣ አልቃወምም። ግን ኮናቺ... እሱ ያልሰጠው ምን ቀረ? እንዲህ ስል ደግሞ ሰውዬውን ከሰስኩት ማለት ነው፣ መክሰስ አይደለም የፈለግኩት፣ ማለቴ... ቆይ ስልክ እየጠራ ነው፣