ማንም ያልተጫወተው ነጭ ተኩላ

ሰላም ጓደኞች! በዚህ ፀሐይ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ለገበያ ስላልበቃ ጌም ነው። ስሙ «ራይዝ ኦፍ ዘ ኋይት ዉልፍ» ይባላል። «ነጭ ተኩላ» ስለሚሉት ጭራቅ አዳኝ፣ ስለ ጌራልት የሚተርከው የመጀመሪያው «ዊቸር» ጌም በ2007 ለኮምፒውተር ብቻ ነበር የወጣው፤ ይሄኛው ያንኑ ታሪክ ወደ ኮንሶል፣ ማለትም ቲቪ ላይ ተሰክተው ወደሚጫወቱባቸው ወደ ኤክስቦክስ 360 እና ወደ ፕሌይስቴሽን 3 ሊያመጣው ነበር። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጠራው፣ እንዳይምታታባችሁ። በ2008 መጨረሻ ላይ ይፋ ሆነ። ግማሽ ዓመት እንኳ ሳይሞላው፣ በ2009 ኤፕሪል መጨረሻ አካባቢ፣ ቆመ ተባለ።

ብዙ ሰው ጌም ወደ ኮንሶል ማምጣት ሲባል ፋይል ከፍላሽ ወደ ፍላሽ እንደ መገልበጥ ይመስለዋል። በፍጹም! የተጫወታችሁት ታስታውሳላችሁ፤ ጌራልት ሲዋጋ ዓይናችሁ እሱ ላይ ሳይሆን የማውሱ ቀስት ላይ ነው። ቀስቱ ወደሚነድ ሰይፍ ሲለወጥ፣ ልክ በዚያች ቅጽበት ትጫናላችሁ። ከቸኮላችሁ ተበላሸ፣ ከዘገያችሁም ተበላሸ። እሺ፣ ጆይስቲክ ላይ ቀስቱ የታለ? የለም። ስለዚህ ውጊያው በሙሉ እንደ አዲስ መሠራት ነበረበት። ጌሙ የቆመበት ኢንጂን፣ ማለትም ጌሙን ከሥር የሚያንቀሳቅሰው ሶፍትዌር፣ ደግሞ ከካናዳዎቹ ባዮዌር የተወሰደው «አውሮራ» ነው፤ እሱም ለኮንሶሎቹ ስለማይሆን በሌላ ሊተካ ነበር። በዚያ ላይ የፕሌይስቴሽን 3 ሚሞሪ 256 ሜጋባይት፣ ለግራፊክሱ ደግሞ ሌላ 256 ብቻ ነው። ኪሳችሁ ውስጥ ካለው ስልክ ጋር አስተያዩት።

የጌሙ ባለቤት የዋርሶው ሲዲ ፕሮጄክት ነው። እነሱ ሁለተኛውን ክፍል ማሰብ ስለጀመሩ፣ የኮንሶሉን ሥራ ፈረንሳይ ሊዮን ላለ ዋይድስክሪን ጌምስ ለሚባል ስቱዲዮ ሰጡት። ከዚያ ጭቅጭቅ መጣ። ፈረንሳዮቹ ክፍያ ዘገየብን አሉ፣ ፖላንዶቹ ደግሞ ሥራው ዘገየብን አሉ። ጊዜው ደግሞ ዓለም በሙሉ በገንዘብ ቀውስ የተመታበት ነበር። አሳታሚው አታሪ ገንዘብ አውጥቶበታልና ዝም ብሎ አላለፈውም፤ ለማካካሻ የሁለተኛውን ክፍል የማሳተም መብት እስከመስጠት ተደረሰ። ሲዲ ፕሮጄክት ሊዘጋ ጫፍ ደርሶ ነበር።

እኔ የሚያመኝ ግን የሠራተኞቹ ነገር ነው። እኔም አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ስምንት ወር የለፋሁበት ሲስተም በአንድ የጠዋት ስብሰባ ሲቀር አይቻለሁ። ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ነው ያለቀው። ፎልደሩን እስከዛሬ አላጠፋሁትም፣ አልፎ አልፎ ከፍቼ አየዋለሁ። ሊዮን ያሉት ልጆችም እንደዚያ የሚከፍቱት ነገር ይኖራቸዋል ብዬ አስባለሁ።

ማቆሙ ትክክል ነበር ወይ? ነበር፣ በእኔ እምነት። ሁለቱንም ይዘው ቢቀጥሉ ሁለቱንም ባጡ ነበር። ስህተቱ ቀድሞ ነው፤ የሥራውን ልብ፣ ማለትም ውጊያውንና ኢንጂኑን፣ ሩቅ አገር ላለ ሌላ ቡድን አሳልፈው ሲሰጡ፣ ያውም እጃቸው ባጠረበት ሰዓት።

አንድ ነገር ልጨምርላችሁ፣ እኔ ራሴ ስሰማው ደንግጫለሁ። «ዊቸር» ራሱ የተወለደው ከተሰረዘ ሥራ ነው! እነዚሁ ፖላንዶች ጌም አከፋፋይ በነበሩበት ጊዜ የኮንሶሉን «ባልዱርስ ጌት፡ ዳርክ አሊያንስ» ወደ ኮምፒውተር እንዲያመጡ ተጠይቀው ነበር። ጀመሩት፣ ተሰረዘ። የጻፉት ኮድ ግን እጃቸው ላይ ቀረ። የራሳቸውን ጌም መሞከር የጀመሩት በዚያ ነው።

ከሊዮኑ ነገር በኋላም እንደዚያው ሆነ። የራሳቸውን ኢንጂን ሠሩ፣ ኮንሶልን ከመጀመሪያው አስበውበት። ሁለተኛው ክፍል በ2011 ሜይ ለኮምፒውተር ወጣ። በ2012 ኤፕሪል ደግሞ ኤክስቦክስ 360 ላይ ደረሰ፣ በራሳቸው ልጆች እጅ። በዚህኛው ጆይስቲክ ይዞ መዋጋት ይቻላል፣ የማውሱ ቀስት የሚነድ ሰይፍ እስኪሆን የሚጠብቅ የለም።

በቃ፣ እኔ ይሄን ነበር የያዝኩት። ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ፣ ማይኩ ይዞርላችኋል።