ቅጣቱን የጨረሰ ሰው ድምፅ

[ምስል፦ ደሴ ከጦሳ ግርጌ፤ በቀበሌ ጽሕፈት ቤት ደጃፍ የመራጮች ምዝገባ ሰልፍ]

የመራጮች ምዝገባ በተከፈተ ሰሞን፣ ከማረሚያ ቤት ወጥቶ ወደ ደሴ የተመለሰ ሰው ሰልፉን አይቶ «እኔ ታስሬ ነበርና አይመለከተኝም» በማለት አንገቱን ደፍቶ ሊያልፍ ይችላል። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አዳራሽ፣ ሃይማኖትና ማዕረግ ሳይለይ ሁሉም በአንድነት ይስተናገድበት ስለነበር «አይጠየፍ» ተባለ በሚባልባት ከተማ፣ ይህ ሰው ራሱን ማግለሉ ያሳዝናል፤ ይበልጥ የሚያሳዝነው ግን ማንም ያልነጠቀውን መብት እንዳጣ አምኖ ሊሆን መቻሉ ነው።

[ምስል፦ ሕገ መንግሥቱ፣ አንቀጽ 38]

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት 18 ዓመት የሞላው ኢትዮጵያዊ በሕግ መሠረት የመምረጥ መብት እንዳለው ይደነግጋል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በበኩሉ በአንቀጽ 123፣ እንደ ወንጀሉ ዓይነትና እንደ አፈጻጸሙ፣ ፍርድ ቤት ጥፋተኛውን ከመምረጥና ከመመረጥ መብቱ እንዲሻር ሊያዝ እንደሚችል ይገልጻል። እዚህ ላይ «ሊያዝ ይችላል» የሚለው አነጋገር ትልቅ ትርጉም አለው። ከመብት መሻር ከእስራቱ ጋር የሚጣል ተጨማሪ ቅጣት ስለሆነ፣ ባለጉዳዩ ከሁሉ አስቀድሞ የፍርዱን ግልባጭ አውጥቶ እንዲህ ያለ ትእዛዝ መኖሩን ማየት አለበት።

ትእዛዙ ካለ ቀጥሎ የሚታየው ጊዜው ነው። ሽረቱ ለዘለቄታው ሊሆን ቢችልም፣ ጊዜያዊ ከሆነ ከ1 እስከ 5 ዓመት ይደርሳል፤ የሚቆጠረውም ፍርዱ ከተሰጠበት ሳይሆን እስረኛው ከወጣበት ቀን ጀምሮ ነው።

[ምስል፦ የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት መስኮት]

ከዚህም ሌላ ከአንቀጽ 232 እስከ 237 የተደነገገ፣ ብዙ ሰው የማያውቀው መንገድ አለ፤ ሕጉ «መሰየም» ይለዋል። በዕለት ንግግር መሰየም ሲባል ሹመት ትዝ ይለናል፤ በወንጀል ሕጉ ግን ፍርዱ ተሰርዞ ሰውዬው ወደ ቀድሞ መብቱ መመለሱ ነው። በጽኑ እስራት የተቀጣ ሰው ቅጣቱን ከፈጸመ 5 ዓመት፣ በቀላል እስራት የተቀጣ ደግሞ 2 ዓመት ካለፈው፣ በዚህ ጊዜ መልካም ጠባይ ካሳየና ለተበዳዩ የተወሰነውን ካሳ አቅሙ በፈቀደ መጠን ከከፈለ፣ ለፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል። ጥያቄው ከተፈቀደለት ፍርዱ ከመዝገብ ይሰረዛል፤ እንዳልነበረም ይቆጠራል። የድሮውን ጥፋት በክፋት እያነሣ የሚሰድበው ሰውም በስም ማጥፋት ሊጠየቅ ይችላል። በእኔ እምነት ይህ ሁሉ ለእስረኛው ሊነገረው የሚገባው ከማረሚያ ቤት በሚሰናበትበት ዕለት ነው፤ ማመልከት የሚችለው መንገዱን ያወቀ ብቻ ነውና።

የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1999 ከዚህም አልፎ በእስር ላይ ያሉትም እንዲመርጡ ወስኗል። ፍርዱን የጻፉት፣ በአፓርታይድ ዘመን ራሳቸው ታስረው የነበሩት ዳኛ አልቢ ሳክስ፣ የእያንዳንዱ ዜጋ ድምፅ የሰብአዊ ክብሩ ምልክት መሆኑን አስረድተዋል።

[ምስል፦ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው መንገድ]

አንድ ነገር ይቀራል። የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162/2011 መራጩ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር የኖረ እንዲሆን ይጠይቃል። ስለዚህ ከማረሚያ ቤት ወጥቶ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሥራ ያገኘና ኑሮውን ወደዚያው ያዛወረ የደሴ ሰው፣ ለምዝገባ የሚቆጥረው ኮምቦልቻ ገብቶ መኖር ከጀመረበት ቀን አንሥቶ ነው።